ቾንግ አፊ፦ ስለ ሜዳኑ ቻይናዊ ባለሀብት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሰው የሚነሱት ጥያቄዎች ሁሌም ያው ስለሆኑ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቾንግ አፊ ማን ነው?

ደቡብ ቻይና ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ወደ ሱማትራ ደሴት የተሰደደ ነጋዴ ነው። ሱማትራ ዛሬ የኢንዶኔዥያ አካል ናት፤ ያኔ ግን በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። የተወለደው በ1860 ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ መይሺየን በሚባል ተራራማ አካባቢ ነው። ወገኖቹ ሃካ ይባላሉ። ያረፈው በ1921 ሜዳን ከተማ ነው። በመሃል የጎማ፣ የትምባሆ፣ የሻይና የኮኮነት እርሻዎች ባለቤት ሆነ፣ ባንክ ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፣ በመጨረሻም "ማዮር" የሚል ማዕረግ ይዞ የሜዳን ቻይናውያን ሁሉ አለቃ ሆነ።

በነገራችን ላይ "ሜዳን" የሚለው ቃል በማላይኛ ትርጉሙ ልክ እንደኛው ሜዳ ነው። የከተማዋ ስም ከዚያ ይምጣ ከሌላ ይምጣ ይከራከሩበታል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ ነው የመጣው።

ስሙ ለምን በየቦታው በተለያየ መልክ ይጻፋል?

ጥፋቱ የሆላንዶች አጻጻፍ ነው። እነሱ "ች" የሚለውን ድምፅ በሁለት ፊደል ስለሚጽፉት በላቲን የሚያነብ ሰው "ትጆንግ" ይለዋል። ትክክለኛው ንባብ ግን ወደ "ቾንግ" ይቀርባል። በማንዳሪን ደግሞ ያው የቤተሰብ ስም "ዣንግ" ስለሚሆን ሌላ ሰው ይመስላል። "አ" የምትለዋ ፊደል የስሙ አካል አይደለችም። የደቡብ ቻይና ሰዎች አንድን ሰው በቅርበት ሲጠሩ ከስሙ ፊት የሚያስቀምጧት ናት፤ እኛ ከስም ኋላ "ዬ" እንደምንጨምረው ማለት ነው። ስለዚህ ባለሀብቱን ዓለም ያወቀው በቤት ስሙ ነው።

ከዚያ ሁሉ አገር ለምን ሱማትራን መረጠ?

አጭሩ መልስ፦ ወንድሙ እዚያ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ቾንግ ዮንግ ሂያን ቀድሞት ሄዶ ሥር ሰዷል። ስደት እንዲህ ነው፤ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል።

ረጅሙ መልስ ትምባሆ ነው። በ1863 ያኮቡስ ኒንሃውስ የሚባል ሆላንዳዊ ደሊ በምትባለው የሱማትራ ዳርቻ ደርሶ ትምባሆ ተከለ። የወጣው ቅጠል ስስ፣ ልስልስና ሰፊ ሆነ። ሲጋር በውጭ በኩል የሚጠቀለልበት ቅጠል እንዲህ ዓይነት መሆን አለበት፤ አውሮፓም እብድ አለችለት። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1869 ደሊ ማትስካፓይ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ተመሠረተ። ጫካው እየተመነጠረ እርሻ ሆነ። የአካባቢው የማላይና የባታክ ሰዎች ግን ለነጭ እርሻ በቅጥር ለመሥራት ፍላጎት አልነበራቸውም፤ የራሳቸው መሬት እያላቸው ለምን ብለው? ስለዚህ ሠራተኛ ከቻይና በመርከብ ይጫን ጀመር። በሺዎች የሚቆጠር ቻይናዊ ባለበት ቦታ ደግሞ ሩዝ የሚሸጥለት፣ ገንዘብ ለቤተሰብ የሚልክለት፣ ሲጣላ የሚያስታርቀው ሰው ያስፈልጋል። ቾንግ አፊ የገባው በዚህ በር ነው።

እውነት ባዶ እጁን ነው የመጣው?

ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ሜዳን ውስጥ የሚነገረው ታሪክ ቀበቶው ላይ የታሰረ አስር የብር ዶላር ይዞ መጣ ይላል። ሀብታም ስለሆነ ሰው የሚነገር ታሪክ ሁሌ እንዲህ ያለች ትንሽ ገንዘብ አታጣም፤ ስለዚህ ቁጥሯን ብዙ አልጨቀጭቅባትም። የተረጋገጠው ነገር ግን ከወንድሙ ሥር ከመጠለል ይልቅ ላቡሃን በምትባለው የወንዝ ወደብ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ መጀመሩ ነው። ሒሳብ ይይዛል፣ ዕቃ ይሸጣል፣ ዱቤ ያስመልሳል።

ዱቤ ማስመለስ የምትለዋን አትናቁ። ሰው ሳያስቀይም ገንዘብ መቀበል የሚችል ሰው ማንኛውም ቦታ ይፈለጋል። ማላይኛ ለመደ፤ ከማላይ ሹሞች፣ ከህንዶች፣ ከአረቦችና ከሆላንዶች ጋር ተግባባ። ላቡሃን ውስጥ ደግሞ ፀብ አይጠፋም ነበር፤ የቻይናውያን ምስጢራዊ ማኅበራት እርስ በርስ ይፋለማሉ፣ ኩሊዎች ከእርሻ ጠባቂዎች ጋር ይጋጫሉ። ወጣቱ መሃል ገብቶ ማብረድ ያውቅበት ነበርና ሆላንዶቹ ዓይናቸውን ጣሉበት።

"ማዮር" ሲባል ወታደር ነበር ማለት ነው?

አይደለም። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሆላንዶች ቻይናውያንን በቀጥታ አያስተዳድሩም ነበር። ከራሳቸው ከቻይናውያኑ መሃል ሰው ይሾማሉ፤ ማዕረጉም ሌተናንት፣ ካፒቴን፣ ማዮር እየተባለ ከፍ ይላል። ጠመንጃ የለውም፣ ጦር የለውም። ሥራው ሕዝቡን መቁጠር፣ ግብር ማስገባት፣ ትንንሽ ክርክሮችን መዳኘት፣ ትዳርና ሞት መመዝገብ፣ መንግሥት ያዘዘውን ማስነገር ነው።

ለኛ ቅርብ የሆነ ነገር ከተፈለገ የድሮውን ነጋድራስ አስቡ። እሱም ነጋዴ ነው፣ ቀረጥ ይሰበስባል፣ የነጋዴ ክርክር ይዳኛል፣ በላዩም ማዕረግ አለው። ልዩነቱ ነጋድራስን የሚሾመው የራሱ አገር ንጉሥ መሆኑ ነው፤ ቾንግ አፊን የሾመው ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ገዢ ነው። ከሌተናንት ተነስቶ ካፒቴን ሆነ፤ ማዮር የነበረው ወንድሙ በ1911 ሲሞት ማዕረጉ ወደ እሱ አለፈ። በሜዳን የከተማ ምክር ቤትም አባል ነበር።

ሹመቱ ደሞዝ አለው? ሀብቱ ከየት መጣ?

በደሞዝ ማንም አይበለጽግም፤ እሱም አልበለጸገም። የሹመቱ ጥቅም ሌላ ነው። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የአንዳንድ ነገሮችን ሽያጭ በጨረታ ለግለሰቦች ያከራይ ነበር፤ ኦፒየም፣ ቁማር ቤት፣ የመያዣ ብድር። ተከራዩ ለመንግሥት ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ የመጣው የራሱ ነው። ጨረታውን በብዛት የሚያሸንፉት ደግሞ እነዚሁ ሹሞችና ሸሪኮቻቸው ናቸው። የቾንግ ወንድማማቾችም ከፔናንጉ (ዛሬ የማሌዥያ ደሴት ናት) ባለሀብት ከቾንግ ፋት ጼ ጋር ሆነው በዚህ ንግድ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ወደ መሬት ሄደ። የደሊው ሱልጣን መሬት በኮንሴሽን፣ ማለትም ለረጅም ዓመት በኪራይ፣ ይሰጥ ነበር፤ ቾንግ አፊ ደግሞ ከሱልጣን መእሙን አር-ረሺድ ጋር የልብ ወዳጅ ነበር። ጎማ ዋጋው ሲጦፍ ወደ ጎማ ገባ። በሁሉም እርሻዎቹ ላይ ከአስር ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው ይባላል። ያኔ ሰውን ሁሉ ያስገረመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ አውሮፓውያንን ቀጥሮ ማሠራቱ። ነጭ ጌታ፣ ቢጫ ኩሊ በሚባልበት አገር ቻይናዊው ለሆላንዱ ደሞዝ ይከፍላል።

ኩሊዎቹ እንዴት ይኖሩ ነበር?

መጥፎ። "ኩሊ" የሚለው ቃል እኛም ጋ ደርሶ መርካቶ ውስጥ ዕቃ ተሸካሚ ማለት ሆኗል፤ በደሊ ግን ቃሉ ከወንጀል ሕግ ጋር የተሳሰረ ነበር። በ1880 የወጣው የኩሊ ደንብ ሠራተኛው ውሉን ካፈረሰ፣ ከጠፋ ወይ ሥራ እምቢ ካለ እንደ ወንጀለኛ እንዲቀጣ ይፈቅድ ነበር። ውሉ በአብዛኛው የሦስት ዓመት ነው። ሰውየው ገና ከመርከብ ሳይወርድ ዕዳ አለበት፤ የመሳፈሪያው፣ የደላላው፣ በቅድሚያ የተሰጠው።

በትምባሆ እርሻ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ቻይናዊ ኩሊ የራሱ ቁራሽ ማሳ ይሰጠዋል። ችግኙን ያፈላል፣ ይተክላል፣ ጠዋት ማታ ውኃ ያጠጣል፣ ቅጠል በቅጠል እየገለበጠ ትል ይለቅማል። አንድ ቀዳዳ ያላት ቅጠል ለሲጋር መጠቅለያ አትሆንም። ክፍያው የሚታሰበው በምርቱ ብዛትና ጥራት ነው፤ ጥራቱን የሚመዝነው ግን እርሻው ራሱ ነው። በመሃል የሚኖረው በቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ሩዙም ትምባሆውም ከእርሻው ሱቅ። አንዳንድ እርሻዎች ከግቢያቸው ውጭ የማትሠራ የራሳቸውን ሳንቲም እስከማሳተም ደርሰው ነበር። ዓመቱ አልቆ ሒሳብ ሲሠራ ቁማሩና ኦፒየሙ በር ላይ ይጠብቃሉ። ብዙው ሰው እንደገና ባለዕዳ ሆኖ ይፈርማል።

በ1902 አንድ የሜዳን ጠበቃ ስለ ግርፋቱና ስለ ሞቱ ጽፎ ሆላንድ ውስጥ ትልቅ ጫጫታ ተነሳ። መንግሥት መርማሪ ላከ፣ የሠራተኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። የወንጀል ቅጣቱ ግን ወዲያው አልተነሳም፤ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ነው የዘገየው።

ታዲያ የቾንግ አፊ ገንዘብ የኩሊና የኦፒየም ገንዘብ ነው ማለት ነው?

በከፊል አዎ። ይሄን ሸፋፍኖ ማለፍ አልወድም። ስለ ቸርነቱ ብቻ የሚያወሩ ጽሑፎች ሞልተዋል፤ ገንዘቡ ከሰማይ የወረደ ያስመስሉታል። ኦፒየሙን የሚያጨሰው ያ ሲደክመው የሚውል ኩሊ ነው። ኪራዩን የያዙት ደግሞ የማኅበረሰቡ አለቆች። አለቃው ኩሊውን ከፖሊስ ያስለቅቀዋል፣ ሲሞት ያስቀብረዋል፣ በሌላ እጁ ደግሞ ኦፒየም ከሚሸጥለት ንግድ ድርሻውን ይወስዳል።

ያኔ ይሄ ሕጋዊ ነበር፤ ዋናው ተጠቃሚም መንግሥት ነበር፤ በኋላ እንዲያውም ሽያጩን ራሱ ወሰደው። ይሄ ቾንግ አፊን ነፃ ያወጣዋል አልልም። ግን "ሌባ ነው" ብሎ መዝጋትም ነገሩን አያስረዳም።

ቻይናዊ ሆኖ መስጊድ ያሠራው ለምንድን ነው?

ይሄ በጣም የሚጠየቅ ነው። ሜዳን ውስጥ ከኬሳዋን ሠፈር ወረድ ብሎ ጋንግ ቤንግኮክ የሚባል መስጊድ አለ፤ "ጠማማው ስርቻ" እንደማለት ነው። መሬቱን አንድ ማላያዊ ለገሰ፤ የሕንፃውን ወጪ ቾንግ አፊ ቻለው። ሄዶ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚታዘበው ጉልላት እንደሌለው ነው። ጣሪያው እንደ ቻይና ቤተ መቅደስ ይመስላል፤ ቀለሙ ቢጫና አረንጓዴ። ከውስጥ ግን ሚህራብ (የመካን አቅጣጫ የሚያሳይ የግድግዳ ጎድጓዳ) ያለው፣ አዛን የሚባልበት መስጊድ ነው። ትልቁ የሜዳን መስጊድ አል-መሽሁንም ከ1906 እስከ 1909 ሲሠራ ከወጪው ሲሶውን እሱ እንደሸፈነ ይነገራል።

ለምን? ከልቡም ሊሆን ይችላል፤ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለህንዶች ቤተ መቅደስና ለቡድሃ ቤተ መቅደስም ይሰጥ ነበር። ፔናንግ የሚገኘው ትልቁ የኬክ ሎክ ሲ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከለጋሾቹ ጋር የእሱም ሐውልት አለ። ግን አስሉት፦ መሬቱ የሱልጣኑ ነው፣ ሱልጣኑ ሙስሊም ነው፣ ቻይናውያኑ መጤ ናቸው። መጤ ሀብታም በባለአገር መሃል ሲኖር እጁን መዘርጋቱ ጽድቅም ነው ዋስትናም ነው።

ሌላም ብዙ አለ። በ1913 ለከተማው ማዘጋጃ ቤት የማማ ሰዓት ሰጠ። በ1916 ደግሞ ለሟቹ ወንድሙ መታሰቢያ በባቡራ ወንዝ ላይ ድልድይ አሠራ፤ "የበጎነት ድልድይ" ይሉታል፣ ዛሬም መኪና ይሄድበታል።

ቻይና ውስጥስ ምን ሠራ?

ባቡር። ወንድማማቾቹ ከሻንቱ ወደብ እስከ ቻውጆው ከተማ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ በገንዘባቸው አዘረጉ። ሥራው በ1904 ተጀምሮ በ1906 ተመረቀ። በቻይናውያን የግል ገንዘብ ከተሠሩት የመጀመሪያው ተደርጎ ይጠቀሳል። ግንባር ቀደሙ ታላቁ ወንድም ነበር፤ ፔናንግ ላይ የቻይና ምክትል ቆንስላም ሆኖ ስለሠራ ቤጂንግ ውስጥ ሰው ያውቃል። ሐዲዱ ሠላሳ ዓመት ያህል አገለገለ፤ በጃፓን ጦርነት ጊዜ በ1939 ተነቃቀለ።

መኖሪያ ቤቱን መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል። ቤቱ ከ1895 እስከ 1900 የተሠራ ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የተወሰነው ክፍል ላይ አሁንም ዘሮቹ ይኖሩበታል። በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሳ ተቀምጧል። እንግዳ መቀበያው አንድ አይደለም። ለሱልጣኑና ለማላይ መኳንንት አንድ፣ ለቻይናውያን አንድ፣ ለአውሮፓውያን አንድ። የቻይናውያኑ በዕንቁ ቅርፊት የተለበጠ ጥቁር እንጨት፣ የአውሮፓውያኑ ደግሞ ለስላሳ ሶፋና መስታወት። ፎቅ ላይ የዳንስ አዳራሽ አለ። እዚያው ቤት ውስጥ የቀድሞ አባቶች መሠዊያ አለ፤ ዕጣን ይጨስበታል።

እኔን ከሁሉም በላይ የገረሙኝ እነዚያ ሦስት ሳሎኖች ናቸው። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ እዚህ በማላይኛ፣ እዚያ በሃካ።

ስንት ሚስት ነበረው?

ሦስት። አንዷ ቻይና የቀረች፣ አንዷ የፔናንግ ሰው፣ ሦስተኛዋ ሊም ኩይ ያፕ ቢንጃይ የተወለደች። ትልቁን ቤት ያስተዳደረችው ሊም ናት፤ ሰባት ልጆችም ወልዳለታለች። ትልቋ ልጃቸው ክዊኒ በስተእርጅናዋ ትዝታዋን ስለጻፈች ነው ስለቤቱ ውስጥ ኑሮ ይሄን ያህል የምናውቀው።

ሲሞት ሀብቱ የት ገባ?

የካቲት 4 ቀን 1921 ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ድንገት ሞተ። ለቀብሩ ከፔናንግና ከሲንጋፖር ሳይቀር ሰው መጣ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ኑዛዜ ጽፎ ነበር፤ ንብረቱ በሙሉ ቱን ሙክ ቶንግ በሚባል የቤተሰብ ድርጅት ሥር እንዲሆን። ድርጅቱ ጎበዝና ጠባየ መልካም ወጣቶችን በዘር ሳይለይ እንዲያስተምር፣ ዓይነ ስውራንንና በከባድ ሕመም ሥራ መሥራት የማይችሉትን እንዲደግፍ፣ የተፈጥሮ አደጋ ለደረሰበትም እንዲደርስ አዘዘ።

ወረቀቱ ላይ ያማረው በተግባር አልዘለቀም። ወንድማማቾቹ ከሸሪኮቻቸው ጋር ያቋቋሙት ደሊ ባንክ ከእሱ ሞት በኋላ ከሰረ። ቀጥሎ የ1930ዎቹ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ የጎማን ዋጋ አፈር አስጋጠው፤ ከዚያ የጃፓን ወረራ፣ ከዚያ የነፃነት ጦርነት። ቤቱ ቀረ፣ እርሻው ሄደ።

የቅኝ ገዢዎች አሽከር ነበር ወይስ የሕዝቡ መሪ?

ሁለቱንም ነበር፤ ሥራው ራሱ ሁለቱንም መሆን ነው። ሆላንዶች እሱን የፈለጉት ቻይናውያኑ ጸጥ እንዲሉላቸው ነው። ቻይናውያኑ የፈለጉት ደግሞ ሆላንዶች ቢሮ ገብቶ የሚናገርላቸው ሰው ስለሌላቸው ነው። ለአንዱ ብቻ ቢያደላ ለሌላው አይጠቅምም፤ ማዕረጉም ያበቃለታል። በርግጥ ሥርዓቱን ሲቃወም አናየውም። የኩሊ ደንቡ ይሻር ብሎ አደባባይ አልወጣም፤ ከደንቡ ተጠቃሚ ነበር። በሌላ በኩል ግን ሌሎች አለቆች የቻይናውያንን ትምህርት ቤትና መቃብር ሠርተው ሲያቆሙ እሱ የማላዩንም፣ የታሚሉንም አስቧል። ሜዳን ውስጥ ማላዮች ስሙን በበጎ የሚያነሱት ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ለረጅም ጊዜ ስሙ አይነሳም ነበር?

ቻይናዊ ስለነበረ። በሱሃርቶ ዘመን፣ ከ1966 በኋላ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የቻይንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የቻይንኛ ጽሑፍ በአደባባይ ተከለከለ፣ ሰዎች ስማቸውን ወደ ኢንዶኔዥያኛ እንዲቀይሩ ተገፋፉ። በዚያ ዘመን ስለ አንድ ቻይናዊ ማዮር ሐውልት ላቁም የሚል አልነበረም። በግንቦት 1998 ሱሃርቶ ሊወድቅ ሲል ሜዳን ውስጥም የቻይናውያን ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በ2000 ፕሬዚዳንት አብዱራህማን ዋሂድ የቻይናውያንን ባህል በአደባባይ ማክበር የሚከለክለውን ደንብ ሻረ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የቾንግ አፊ ቤት በሩን ለጎብኚ ከፈተ።

ቤቱ ያለበት የድሮው የኬሳዋን ጎዳና ዛሬ በ1965 በተገደለው በጄኔራል አህመድ ያኒ ስም ነው የሚጠራው። ታክሲ ይዛችሁ ስትሄዱ ግን የጎዳናውን ስም አትድከሙ፤ "ቾንግ አፊ ቤት" በሉት፣ ያደርሳችኋል።